እናቴን እያስታመምኩ ስለ ራሴ ባስብ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ ስትሮክ ከመታት 3 ዓመት ሆናት። ገላዋን የማጥበውም፣ የማጎርሳትም፣ ሌሊት የማገላብጣትም እኔ ነኝ። ወገቤ አልቋል። ወንድሞቼ ደውለው «በርቺ» ይሉኛል፣ በቃ። አንድ ቀን ወጥቼ ቡና ስጠጣ ግን ስኒውን ሳልጨርስ ጸጸት ይዞኝ ተመለስኩ። ፍቅር «የራሱን አይፈልግም» ይል የለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያቺ ያልጨረስሻት ስኒ አሳዘነችኝ። የጠቀስሽው ቃል ጥቅሙን ብቻ ለሚያሳድድ ሰው ነው እንጂ ወገቧ ለተቆረጠ አስታማሚ አይደለም። ጌታ ራሱ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ሲል «እንደ ራስህ» የምትለዋን አልዘለላትም። ኤልያስን ደግሞ አስቢው፤ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ወድቆ ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፣ ዳቦና ውኃ አቀረበለት፣ በልቶ ተኛ፣ እንደገና ቀስቅሶ «ብላ» አለው (1ኛ ነገሥት 19)። ስብከት አልቀደመም፣ እንቅልፍና ምግብ ነው የቀደመው።

ወንድሞችሽን በደፈናው «አግዙኝ» አትበያቸው። «ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ አንተ ነህ፣ የሌሊት ረዳት ደሞዝ ደግሞ ያንተ ነው» ብለሽ ቀኑንና ብሩን ቁረጪላቸው። ሙሴን እንኳ አማቱ ዮቶር ብቻህን አትችለውም፣ ሸክሙን አካፍል ብሎታል። ወገብሽን በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው፣ ሰው እንዴት እንደሚነሳም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳይሽ። ቅዳሜ ደግሞ ጓደኛሽን ጥሪያትና ቡናውን እስከ በረካ ጠጪ።