መልስ፦ 65 ተማሪ ባለበት ክፍል ተከታታይ ምዘና

ወንድሜ፣ «65 ተማሪ ይዤ ተከታታይ ምዘናን እንዴት ልወጣው?» ላልከው፣ ተከታታይ ምዘና ማለት ተማሪው ምን እንደገባው በየጊዜው ማየት ነው እንጂ፣ የሁሉንም ደብተር በየቀኑ ማረም አይጠበቅብህም። እኔ ሒሳብ ነው የማስተምረው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው በብጣሽ ወረቀት አንድ ጥያቄ ብቻ አሠራለሁ። ባለፈው 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው አልኩ፤ ግማሹ ክፍል 2/5 ብሎ መጣ። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረው ማለት ነው። ወረቀቱን ትክክል፣ ስህተት፣ ባዶ ብዬ በሦስት መለየት ሻይ ጠጥቼ እስክጨርስ ያልቃል። ማርክ አልይዝበትም፤ ማርክ ካለ ይኮራረጃሉ። በማግስቱ «2/5 እኮ ከ1/2 ያንሳል፤ ጨምረንበት እንዴት አነሰ?» ስላቸው ራሳቸው ሳቁ።

«ገባችሁ?» ብለህ ግን አትጠይቅ፤ መልሱ ሁሌም በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ነው።