የባለቤቴን ብርጭቆ ለይቻለሁ፤ ልጆቼስ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) ተገኝቶበት መድኃኒት ጀመረ፤ ሲሻለው ተወው። ሳህኑንና ብርጭቆውን ለይቻለሁ፤ ልጆቹን እንዳይስምም ከልክየዋለሁ። የ6 ዓመት ልጄን ሆዷን ሲያማት ከእሱ የተረፈውን አሞክሲሲሊን ሁለት ቀን ሰጠኋት። ካንሰር ያመጣል ሲሉ ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ብርጭቆውን ወደ ቦታው ይመልሱት። እንቅልፍ የነሳዎት ካንሰር የሚለው ቃል ነው። ባክቴሪያው በቢሊዮኖች በሚቆጠሩ ሰዎች ጨጓራ ውስጥ አለ፤ አብዛኞቹን ምንም ሳያደርጋቸው ይኖራል። ካንሰር የሚይዘው ጥቂቶቹን ነው፤ እሱም ከብዙ ዓመታት በኋላ።

ይተላለፋል? አዎ። ግን ብዙ ሰው የሚይዘው በልጅነቱ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከእናቱ። (ጥፋቱ የእርስዎ ነው ማለቴ አይደለም!) ለዓመታት አብረው ከኖሩ በኋላ ብርጭቆ መለየት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ደግሞ ቤተሰብ ባክቴሪያ ይጋራል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ጥናት አብረው የሚኖሩ ሰዎች ከአንጀት ባክቴሪያ ዝርያዎቻቸው 12 በመቶ ያህሉን፣ ከአፋቸው ደግሞ 32 በመቶ ያህሉን እንደሚጋሩ አሳይቷል። አብዛኛው አይጎዳም፤ የሚጠቅምም አለ። አባትየው ልጆቹን ይሳም። ከሽንት ቤት መልስ ግን ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

አሞክሲሲሊኑ ግን አናዶኛል። ለመሆኑ እንዴት ተረፈ? ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ነው፤ ያውም ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር። ብቻውን ይህን ባክቴሪያ አያጠፋም። የልጅቷን አንጀት የሚጠብቁትን ደጋግ ባክቴሪያዎች ግን ይፈጃል፤ መድኃኒት የለመዱት ይተርፋሉ፤ እነሱም ከሰው ወደ ሰው ይሄዳሉ። ሁለተኛ እንዳይደግሙት። ሕመሟ ከተመላለሰ ሐኪም ይያት።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሰገራ። ባለቤትዎ ውሃ ከመልቀቁ በፊት ጎንበስ ብሎ ይመልከት። እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የሚያጣብቅ፣ ሽታው የከበደ ከሆነ ባክቴሪያው ያቆሰለው ጨጓራ እየደማ ሊሆን ይችላል። የአይረን ኪኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ኪኒን ሳይወስድ ከጠቆረ ግን «እስኪ እስከ ጠዋት ልየው» የለም። ማዞር ወይም ደም ማስመለስ ካለ ደግሞ በዚያው ደቂቃ ወደ ድንገተኛ ክፍል። «ትናንት የበላሁት ነው» ብለው ሦስት ቀን ቆይተው፣ ቆመው መሄድ ሲያቅታቸው የሚመጡ ብዙ አይቻለሁ።

ይህ ከሌለም ወደ ሐኪሙ ይመለስ፤ በራሱ እንዳይጀምር። የተረፈውን መድኃኒትም ይዞ ይሂድ፤ ስንት ቀን እንደዋጠ ከማሸጊያው ይቆጠርለታል።