ጎንደር «ወፍ የለም» ያለው ማነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአዲስ አበባ ነው። ለመንፈቀ ዓመቱ የትምህርት ቤት እረፍት ሦስት ቀን ጎንደር ልንመጣ ነው። ባለቤቴ ግንቦቹን ማየት ይፈልጋል። የ11 ዓመት ልጄ ደግሞ ከወፍ ሌላ አይታየውም። ያገኘውን ሁሉ ደብተሩ ላይ ይስላል። አንዷን ጓደኛዬን ባማክራት «ጎንደር? ወፍ የለም! ሐዋሳ ውሰጂው» አለችኝ። እንዴት ብናደርግ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛዎ ግማሽ እውነት አላት። ለብዛቱ ከሆነ ሐዋሳ ያሸንፋል። እዚያ አባ ኮዳው ዓሣ ገበያው መሀል ከሰው ጋር ተጋፍቶ ይቆማል፤ መፈለግ እንኳ አያስፈልግም። የእኛ ደጋ ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የማይገኙ ወፎች አሉት። አንዷ ደግሞ ባለቤትዎ ሊያይ የሚመጣው ግንብ ላይ ነው የምትኖረው።

እኔ ይህን ያወቅሁት አፍሬ ነው። በአስጎብኚነት ስሠራ አንድ ሸምገል ያለ የውጭ እንግዳ ይዤ ፋሲል ግቢ ገባሁ። አፄ ፋሲል ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 እንደቆረቆሩ፣ ማን ማን የቱን ግንብ እንዳሠራ እዘረዝራለሁ። ሰውዬው ባይኖኩላሩን ሰገነቱ ላይ ተክሎ ዝም! አድናቆት መስሎኝ ድምፄን ጨመርኩ። እጁን ዘርግቶ «እሽሽ» አለኝ። ለካ የሚያየው ርግብ ኖሯል። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ኋላ ባይኖኩላሩን ሲሰጠኝ አየኋት። ግራጫ ናት፤ ማጅራቷ ላይ ግን እንደ ሸሚዝ አንገትጌ ያለ ነጭ ምልክት አለ። ልጅ ሆኜ በወንጭፍ የማባርራት ርግብ! የተፈጥሮ ቤቷ ገደል ነው። የነገሥታቱ ግንብ ለእሷ ሌላ ገደል ነው፣ በቃ። ስለዚህ ባለቤትዎ ታሪኩን ሲያዳምጥ ልጁ አንገቱን ቀና አድርጎ የግንቡን ጫፍ ጫፍ ይይ።

ሁለተኛውን ቀን ወፍ ጭጭ ሲል ተነሡና ወደ ፋሲል መዋኛ ሂዱ። ከግቢው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በባጃጅ ቅርብ ነው። የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር እንደ ጣት ጨምድዶ ይዞታል። ሰው ሁሉ ሥሩን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። እናንተ ግን ዛፉ ሥር ቁጭ በሉ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ሳታወሩ። ፍሬው የበሰለ ቀን መጀመሪያ የሚመጣው ጩኸት ነው። ቀና ስትሉ ምንም የለም፣ ቅጠል ብቻ። ከዚያ አንዱ «ቅጠል» ይንቀሳቀሳል። አረንጓዴ፣ ጅራተ አጭር፣ የበቀቀን ዘመድ የሆነች ትንሽ ወፍ ናት። ልጁ ግንባሯን ይመልከት። ግንባሩ ቀይ ከሆነ ወንዱ ነው፤ ሴቷ ቀይ የላትም። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢስላቸው ጥሩ ገጽ ይወጣዋል። ብዙውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚቀመጡ አይቸገርም።

ታዲያ ለጥምቀት ሰሞን ከሆነ የምትመጡት እዚያ ወፍ አትፈልጉ። ገንዳው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል፣ አገር ምድሩ ይሰበሰባል። ያን ጊዜ የሚታየው ሌላ ነው።

ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ሳያዩ እንዳትመለሱ። ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ቤተ ክርስቲያኑን የንብ መንጋ እንዳዳነው ይነገራል፤ ልጁ ይህን ይወደዋል። ግቢው ውስጥ ዛፎቹ ላይ ጉንጩ ነጭ የሆነ፣ ሰውነቱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ጅራቱ ረጅም ወፍ ካያችሁ ቶሎ አትለፉት። ሲቀመጥ ጨዋ ነው። ሲበር ግን ክንፉ ውስጥ የተደበቀው ቀይ ድንገት ቦግ ይላል። ቀለሙ ውስጥ መዳብ አለ። ልጁ ቀይ እርሳሱን አዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ሦስተኛው ቀን የሰሜን ተራሮች ቢሆን ደስ ይለኛል። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ ሆቴላችሁንና ሾፌር ጠይቁ፤ «ትናንት ሰላም ነበር» ብላችሁ አትውጡ። እዚያ ጭላዳው ሣር ሲነቅል አጠገቡ ትቀመጣላችሁ። ኋላ ጭንቅላቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ግዙፍ ቁራ ምሳችሁን አይን አይኑን ያያል። እድል ከቀናችሁ ደግሞ አጥንት ሰባሪውን አሞራ ታያላችሁ። አጥንት ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበር ወርዶ ይውጠዋል። ሰሜን በጣም ይበርዳል። ጃኬት ሳትይዙ ብትሄዱ አዝንላችኋለሁ።

መንገዱ ካልተመቸ ጎርጎራ ሂዱ። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ላይ ፔሊካን፣ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ የውኃ ወፎችም አሉ። ከመጋቢት በኋላ አብዛኞቹ ይመለሳሉ፤ እንደ መስቀል ወፍ ቀጠሯቸውን ያውቃሉ። የእናንተ እረፍት በደንብ ይደርሳል።

ባይኖኩላር ውድ አያስፈልግም። ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ ለልጅ እጅ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የልጅ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ምስሉ ይዘላል። ማንጠልጠያው አንገቱ ላይ ይሁን። ከስልክ የወፍ ድምፅ እያሰማችሁ ለመጥራት አትሞክሩ፤ ጎጆ ላይ ያለችውን ያስደነግጣል።

አንድ የረሳሁት፦ ልጁ ሳምቡሳ ይዞ ሜዳ ላይ አይቁም። የእኛ ከተማ ጭላት አታፍርም፤ ከእጁ ነጥቃው ትሄዳለች። እኔን ሁለት ጊዜ ቀምታኛለች።