የነከሰ የጀልባ ሞተር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሜሪላንድ ውስጥ ቼሳፒክ ቤይ ዳር ጀልባ መጠገን ከጀመርኩ ቆየሁ። በረዶው በቀለጠ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «አሮጌ ጀልባ በርካሽ ገዛሁ፣ ሞተሩ ግን አልዞርም አለ።» ውስጡ ተጣብቆ የማይዞረውን ሞተር «ነከሰ» እንለዋለን። ዘንድሮ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ አንድ ላይ ልመልስ።

የማወራው ስለ ስተርንድራይቭ ብቻ ነው። ሞተሩ ጀልባው ውስጥ፣ ከኋለኛው ግድግዳ አጠገብ ይቀመጣል። ማርሹና ፕሮፔለሩ ያሉበት ክፍል ደግሞ ከግድግዳው ውጭ ይንጠለጠላል። እኛ «እግር» እንለዋለን። ቮልቮ ፔንታ በ1959፣ መርክሩዘር በ1961 ለገበያ ያወጡት አሠራር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ቁልፉን ስጠመዝዘው «ጧ» ብሎ ዝም ይላል። ነክሷል ማለት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ገና አልታወቀም። የደከመ ባትሪ፣ የዛገ ገመድ ወይም የሞተ ሞተሪኖም (ሞተሩን የሚያስነሣው) «ጧ» ይላል። መጀመሪያ ባትሪውን ቻርጅ አድርግ፣ የገመዶቹንም ጫፍ አጽዳ። ካልሆነ ካንዴላዎቹን፣ ብልጭታ የሚሰጡትን ማለቴ ነው፣ በሙሉ ፍታ። ይህን ሳታደርግ በሞተሪኖ ደጋግመህ አትሞክር። ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ካለ፣ ውሃ አይታመቅም። የሚታጠፈው ፒስተኑን የያዘው ክንድ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ እኔ እጄን የፈታሁት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው። አሜሪካ በመጣሁ ሰሞን መለዋወጫ መደብር ገብቼ «ካንዴላ» ስል፣ ሻጩ «ሻማ የሚሸጠው ሱፐርማርኬት ነው» አለኝ።)

ካንዴላዎቹ ከወጡ በኋላ ከፊት ባለው የፑሌጃ ብሎን ላይ ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ አግባና በሰዓት አቅጣጫ ግፋ። ዞሮ በካንዴላው ቀዳዳ ውሃ ከተፋ፣ አልነከሰም። የያዘው ውሃ ነው። እሱም መጥፎ ዜና ነው፣ ግን ዛሬውኑ ዘይት ረጭተህ ብታዞረው ሊተርፍ ይችላል።

አሁንም ካልዞረ እግሩን አውርድ። አልፋ ዋን ከሆነ (አልፋና ብራቮ የመርክሩዘር እግር ዓይነቶች ናቸው) ማርሹን ወደፊት አስገባና ስድስቱን ዳዶ ፍታ። አንዳንዴ የእግሩ ጥርስ ተሰባብሮ ሞተሩን ጭምር ይይዘዋል። እግሩ ወርዶ ሞተሩ ከዞረ የሞተር ገንዘብህን ወደ ኪስህ መልስ።

ከነከሰ በኋላ ማላቀቅ አይቻልም? ዩቲዩብ ላይ ዘይት ጨምረው ሲያላቅቁ አይቻለሁ። (ከአሌክሳንድሪያ)

ይቻላል። የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይት (ኤቲኤፍ) እና አሴቶን እኩል ቀላቅለህ በየሲሊንደሩ ትንሽ ትንሽ ጨምር። እሳት የሚባል ነገር እንዳይጠጋህ። ጥቂት ቀናት ተወው፣ ከዚያ ወዲህና ወዲያ እያልክ ቀስ ብለህ አወዛውዘው። በጉልበት አይሆንም።

ችግሩ ከተላቀቀ በኋላ ነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ዝጎ ከነበረ ፋሻዎቹ፣ የፒስተኑ ቀለበቶች፣ ተበልተዋል። ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ የሚያምቀውን ግፊት፣ ለካ። አንዱ ሲሊንደር ከ100 ፒኤስአይ በታች ካሳየህ ያ ሞተር ሐይቅ መሐል ጥሎህ የሚቀር ነው። እኔ የምሞክረው ከአንድ ክረምት በላይ ላልቆመ ሞተር ብቻ ነው።

አዲስ ሞተር ላዝ ነው። የትኛውን ትመክረኛለህ? (ከባልቲሞር)

ቆይ፣ ወንድሜ። አሮጌውን ምን ገደለው?

ይህን የምጠይቅህ እኔው ራሴ ሳልጠይቅ ስለተቃጠልኩ ነው። የመጀመሪያዋ ጀልባዬ የ1988 ሥሪት ነበረች፣ 4.3 ቪ6 መርክሩዘር። ሞተሩ ነክሶ ነበር። ታድሶ የተሠራ ሞተር ገዛሁ፣ የድሮዎቹን የጭስ ማኒፎልዶች (ጭሱ ከሲሊንደሮቹ የሚወጣባቸውን የብረት ቱቦዎች) በቀለም አሳምሬ መልሼ ገጠምኩ። ያን ዓመት እስከ ነሐሴ ድረስ ንግሥት ሆና ከረመች። አንድ ቅዳሜ አስነሣለሁ ስል «ጧ»። ካንዴላዎቹን ስፈታ አንዱ ከጫፉ እስከ አንገቱ የዛገ ውሃ ለብሶ ወጣ። ያን ካንዴላ እስከ ዛሬ የመሣሪያ ሣጥኔ ክዳን ላይ በሽቦ አስሬ አስቀምጬዋለሁ።

የሆነው ይህ ነው። በእነዚህ ሞተሮች የሐይቁ ወይም የባሕሩ ውሃ ጭሱን ለማቀዝቀዝ በማኒፎልዱና ከላዩ ባለው ክርን፣ ማለትም በራይዘሩ፣ ዙሪያ ይዞራል። ጭሱንና ውሃውን የሚለያቸው አንድ የብረት ግድግዳና አንድ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው። ብረቱ ከውስጥ ሲበላ ከውጭ አይታይም። ሞተሩ ሲጠፋ ውሃው በተከፈተው ቫልቭ ሾልኮ ሲሊንደር ውስጥ ይተኛል። በጨዋማ ውሃ ላይ ማኒፎልድና ራይዘር ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየራሉ። የኔዎቹ ዕድሜያቸው አይታወቅም ነበር።

ሌሎቹ ገዳዮች ብዙ አይደሉም። ዘይቱን በዲፕስቲክ አውጥተህ እየው። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ክረምት ላይ ውሃው ሳይደፋ ቀርቶ ብሎኩ ተሰንጥቆ ይሆናል። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ ለዚህ ደግሞ የብረት ብሎክ ቦታ የለውም። ስንጥቁን በብሎኩ ጎን፣ ከማኒፎልዱ ሥር ፈልገው። ዘይቱ ንጹህ ሆኖ ሞተሩ ግሎ የነከሰ ከመሰለህ የውሃ ፓምፑን ኢምፔለር፣ ውሃውን የሚገፋውን ባለ ክንፍ ጎማ፣ አውጣ። ክንፎቹ ከጎደሉ ቁርጥራጮቹ ቱቦ ውስጥ ተቀምጠው አዲሱን ሞተር እየጠበቁ ነው። አልፋ ላይ ይህ ፓምፕ እግሩ ውስጥ ነው ያለው፣ ብራቮ ላይ ሞተሩ ላይ።

እሺ፣ ገዳዩን አገኘሁት። ራይዘር ነው። አሁንስ የትኛውን ልግዛ? (ይኸው ከባልቲሞር)

ጎሽ። ማኒፎልድና ራይዘሩን ከሞተሩ ጋር አብረህ እዘዝ። ሞተሩን «ሎንግ ብሎክ» ብለህ ጠይቅ፣ ቴስታታውም (የሲሊንደሮቹ ክዳን) አብሮ ይመጣል። ከዚያ ዓመቱን ተጠንቀቅ። የ5.7 ሊትሩ ቪ8 የኋላ ዘይት ማኅተም እስከ 1985 ሁለት ቁራጭ ነበር፣ ከ1986 ጀምሮ አንድ ሆነ። አብሮት ፍላይዊሉም፣ ከሞተሩ ኋላ ያለው ከባዱ ጎማ፣ ተለወጠ። የአሮጌው ፍላይዊል ለአዲሱ አይሆንም። በ1996 የመጣው ቮርቴክ ቴስታታ ደግሞ የራሱን ኢንቴክ ማኒፎልድ (አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባውን) ይፈልጋል። የድሮው በአሥራ ሁለት ብሎን የሚታሰር ነው፣ ቮርቴኩ ያለው ስምንት ብቻ ስለሆነ አይገጥምም። ስለዚህ የሞተርህን ሴሪያል ቁጥር ሳትይዝ ስልክ አታንሳ።

ጄኔራል ሞተርስ የሠራው ሞተር ከሆነ ከወዳደቀ ፒክአፕ አውጥቼ ባስገባውስ? (ከሪችመንድ)

ብሎኩ አንድ ነው፣ እውነትህን ነው። በላዩ የሚታሰረው ግን አንድ አይደለም፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። መኪና ላይ ቤንዚን ቢያንጠባጥብ ነፋስ ይወስደዋል። ጀልባ ላይ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ሆዷ ውስጥ ይተኛል። የመኪና ሞተሪኖ ወይም ዲናሞ ትንሽ ብልጭታ ካወጣ ጀልባው ይፈነዳል። የጀልባ የሆኑት ብልጭታ ወደ ውጭ እንዳያወጡ ተደርገው ይሠራሉ፣ በአሜሪካ ሕግም ግዴታ ነው። የጀልባ ካርቡራተር ሲሞላ ትርፉን ወደ ራሱ ጉሮሮ ይመልሳል፣ የመኪናው ውጭ ያፈሳል። የቤንዚን ፓምፑም እንደዚሁ።

ብሎኩን ከፒክአፕ ብትወስድ የብረት ታፖቹን (የውሃ ቀዳዳዎቹን መድፈኛዎች) በነሐስ ቀይራቸው። ካምሻፍቱንም፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ለጀልባ በተሠራ ቀይረው። ይህን ሁሉ ደምረህ አስላ። ብዙ ጊዜ ለጀልባ ታድሶ የተሠራው ይረክሳል።

ጀልባዬ የ1990 ኦኤምሲ ኮብራ ናት። ላድናት? (ከኮሎምቢያ፣ ሜሪላንድ)

እህቴ፣ ተዪያት። ሠሪው ድርጅት ኦኤምሲ በ2000 መጨረሻ ከስሯል፣ የእግሩ መለዋወጫ እየጠፋ ነው። ሞተሯን ብታድኚ እግሯ ያስለቅስሻል።

ባለቤቴ «ሽጠው» ትላለች። አንተ ምን ትላለህ? (ከሌስበርግ)

ከሷ ጋር አልጣላም። ሞተሩ ሲወጣ ግን ትራንሰሙን፣ የኋለኛውን ግድግዳ ማለቴ ነው፣ በመዶሻ እጀታ ዙሪያውን አንኳኳው። ደህናው እንጨት «ቋ ቋ» ይላል። የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጥሃል። ከበሰበሰ እሷ ትክክል ነች።

ሞተሩን ጓሮዬ ውስጥ እንዴት አወጣዋለሁ? (ከዉድብሪጅ)

መጀመሪያ ባትሪ ፍታ፣ ቀጥሎ ቤንዚኑን ዝጋ። እያንዳንዱን ሽቦና ቱቦ ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሣ፣ በፕላስተርም ቁጥር ለጥፍበት። «አስታውሰዋለሁ» ያለ ሁሉ አላስታወሰም። እግሩ የግድ ቀድሞ ይወርዳል፣ ዘንጉ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ነው ያለው። ከዚያ የጭስ ጎማዎች፣ የጋዝና የማርሽ ኬብሎች፣ በመጨረሻ ከኋላ ሁለቱ፣ ከፊት ሁለቱ የሞተር እግሮች፣ ማለትም ሞተሩ የተቀመጠባቸው መደገፊያዎች። የኋላዎቹን ብሎኖች ስታወጣ ሮንዴላዎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ሽቦ ላይ ሰካካቸው።

ሁለት ቶን የሚያነሣ የጋራዥ ማንሻ ይበቃሃል። ችግሩ ክብደት አይደለም፣ ቁመት ነው። ተጎታቹ ላይ ያለች ጀልባ ጎን ከፍ ያለ ነው። የተጎታቹን ጎማዎች አስተንፍስ፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ታተርፋለህ። ሞተሩ ሲነሣ ማንም እጁን ከሥሩ አያስገባ። ከጠራ በኋላ ማንሻውን ሳይሆን ተጎታቹን ወደፊት ግፉት።

መልሶ ሲገባ «አላይመንት» የሚሉት ነገር የግድ ነው? (ከዚያው)

የግድ ነው። ልዩ ዘንግ አለ፣ መደብሮች ያከራያሉ። ግሪስ ቀብተህ ከውጭ በጊምባሉ ኩሽኔታ (የእግሩ ዘንግ በግድግዳው በኩል በሚያልፍበት) አሳልፈህ ወደ ሞተሩ ትገፋዋለህ። በሁለት ጣት ገብቶ በሁለት ጣት መውጣት አለበት። ግሪሱ ላይ ያለው አሻራ ዙሪያውን እኩል እስኪሆን ድረስ የፊት የሞተር መደገፊያዎቹን ከፍ ዝቅ አድርግ። ሰነፍ የሆነ ሰው በመጀመሪያው በጋ ኩሽኔታውና መጋጠሚያው ሲጮሁ ይሰማል። እግሩ ወርዶ እያለ በእግሩና በግድግዳው መሐል ያሉትን የጎማ አኮርዲዮኖችም ቀይር። ከተቀደዱ ጀልባዋን የሚያሰጥሟት እነሱ ናቸው።

ባሕር ዳር ነኝ። ጣና ላይ እንዲህ ያለ ጀልባ ለማስመጣት አስቤአለሁ። የተለየ ነገር አለው?

አለው፣ ጌታዬ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ እዚያ ሲደርስ ከ15 በመቶ በላይ ይጎድልብዎታል። ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት፣ ሁለት ኢንች ያህል ዝቅ ያለ ፕሮፔለር ያስመጡ። በረዶ ስለሌለ ብሎክ አይሰነጠቅብዎትም። የእርስዎ ገዳይ እንቦጭ ነው። ውሃ የሚስበው ወንፊት እግሩ ጎን ላይ ነው፣ እንቦጭ ከደፈነው ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። የሙቀት ጠቋሚውን ከዓይንዎ አያርቁ።

አዲሱን ሞተር መጀመሪያ ሳስነሣው ምን ልጠንቀቅ? (ከባልቲሞሩ ሰው)

ዲስትሪቢዩተሩን ሳታስገባ በቀዳዳው ረጅም ዘንግ አውርደህ የዘይት ፓምፑን በድሪል አዙረው። ጌጁ ግፊት እስኪያሳይ። እግሩ ላይ የውሃ ቱቦ ግጠም፣ ውሃ ሳይኖር ለአንድ ደቂቃም አታስነሣ። የሞተር ክፍሉን የአየር ማራገቢያ አራት ደቂቃ አስኪድ፣ የቤንዚን ሽታ እንደሌለ አሽትት፣ ከዚያ ቁልፉን አዙር። ካምሻፍቱ የድሮው ዓይነት፣ ሮለር የሌለው ከሆነ ሃያ ደቂቃ በ2,000 ዙር አካባቢ ያዘው። ጋዝ ሳትሰጠው በዝቅተኛ ዙር (አይዶል) አትተወው። እሳት ማጥፊያው እጅህ ላይ ይሁን።

አሮጌውን ሞተርስ ምን ላድርገው? (እንደገና እሱ)

ሻጩ መያዣ ያስከፍልሃል፣ አሮጌውን ስትመልስ ይመልስልሃል። ብሎኩ ከተሰነጠቀ ላይቀበልህ ይችላል፣ ቀድመህ ጠይቅ። ከመመለስህ በፊት ግን ሞተሪኖውን፣ ዲናሞውን፣ ብራኬቶቹንና የዲፕስቲኩን ቱቦ ፍታ። አዲሱ እነዚህን ይዞ አይመጣም። ቱቦውን የረሳ ደንበኛ ነበረኝ፣ ሁለት ሳምንት ሲፈልግ ከረመ።