የሕፃናት ተንከባካቢዎችና የዕፅ ምርመራ፦ የእሑድ ማታ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ወላጆች አንድ ጉዳይ ላይ ስንከራከር ሰነበትን። ሆጤ የሕፃናት ማቆያ ያላት እህታችን አሜሪካ ያለች ዘመዷ «እዚህ ሕፃን የሚይዝ ሰው ሁሉ የዕፅ ምርመራ ካላደረገ አይቀጠርም» ብላት፣ ሠራተኞቼን በሙሉ ላስመርምር ብላ ተነሣች። ግማሻችን ደገፍን፣ ግማሻችን ተቆጣን። ስለዚህ ደሴ ላቦራቶሪ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ የሠሩትን እትዬን ለመንናቸው። እሑድ ማታ ወደ መጻጻፊያ ግሩፓችን መጡልን። ጠያቂዎቹን በሠፈራቸው ጠርተን፣ የተጻጻፍነው እንዳለ ይኸው።

እትዬ፦ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። በስትሪፕ፣ ማለትም ሽንት ውስጥ ተነክሮ ዕፅ መኖሩን በሚጠቁመው ቁራጭ፣ ብቻ ማንንም ከሥራ አታባርሩ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እላለሁ። አሁን ጠይቁ።

የሆጤዋ፦ እንደምን አመሹ እትዬ። የአሜሪካው ነገር እውነት ነው? እኛስ ግዴታ አለብን?

እትዬ፦ እንደምን አመሸሽ ልጄ። ዘመድሽ ሁለት ነገር ቀላቅላለች። አሜሪካ ውስጥ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ የሚያስገድደው የጀርባ ማጣሪያ ነው። አሻራ ይሰጣል። የወንጀል መዝገብ ይታያል። ልጆችን የበደሉ ሰዎች መዝገብም ይታያል። ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይደገማል። ባለፉት 5 ዓመታት በዕፅ ከባድ ወንጀል ፈጽሞ የተፈረደበት ሰው አያልፍም። ሽንት ስጡ የሚል ግን እዚያ ሕግ ውስጥ የለም። ሽንት የሚጠይቁት አንዳንድ ግዛቶችና አሠሪዎች ናቸው፣ በራሳቸው ደንብ።

እኛ ጋ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። ሠራተኛ የተከለከለ ዕፅ ወስዶ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ እንዳይገኝ ይከለክላል። አሠሪው በበቂ ምክንያት የጤና ምርመራ ሲጠይቅ እምቢ ማለትንም ይከለክላል። የኤች አይ ቪ ምርመራ ግን ከዚህ ውጭ ነው። «በበቂ ምክንያት» የሚለውን ቃል ያዢው። ዘመዴ ስለነገረችኝ የሚለው በቂ ምክንያት አይደለም።

የኮምቦልቻዋ፦ ዋጋው ስንት ነው እትዬ?

እትዬ፦ ላቦራቶሪው ይነግርሻል። አስመርምሪ ካልሽ ግን ክፈይ። ከልጅቷ ደመወዝ እንዳትቆርጪ።

የገራዶው፦ ስለ ዕፅ ምርመራ ቢያስረዱን።

እትዬ፦ ወንድሜ፣ ምኑን? ጥያቄ ጠይቀኝ።

የገራዶው፦ ማለቴ፣ ፋርማሲ የሚሸጠው ስትሪፕ እንዴት ነው የሚነበበው?

እትዬ፦ ይኸ ጥያቄ ነው። ሁላችሁም አንብቡት።

ስትሪፑ ላይ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ስትሪፑ መሥራቱን የሚያሳይ መስመር ነው። ሁለተኛው የምርመራው መስመር ነው። ሁለቱም ከታዩ ሰውየው ነፃ ነው። የመጀመሪያው ብቻ ከታየ ዕፅ ሳይኖር አይቀርም ማለት ነው። የመጀመሪያው ካልታየ ስትሪፑ ተበላሽቷል፣ ጣሉት። ልብ በሉ፣ ከእርግዝና ምርመራው ተቃራኒ ነው። እርግዝና ላይ ሁለት መስመር «አለ» ማለት ነው። እዚህ ሁለት መስመር «የለም» ማለት ነው። ሁለተኛው መስመር ቢደበዝዝም፣ እንደ ክር ቢቀጥንም መስመር ነው። ውፍረቱ ምንም አይነግራችሁም። ደግሞ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ አንብቡት፣ ብዙውን ጊዜ 5 ደቂቃ ነው። ቡና አፍልታችሁ ስትመለሱ የምታዩት ውጤት ውጤት አይደለም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ስትሪፑ ጥርጣሬ ነው የሚሰጣችሁ። ማረጋገጫው ጂሲ ኤም ኤስ ወይም ኤልሲ ኤም ኤስ በሚባል ማሽን ነው የሚሠራው። ያ ማሽን በየሠፈሩ የለም። ማረጋገጫ የሌለው ውጤት ይዛችሁ የሰው እንጀራ አትቁረጡ።

የሸዋበሩ፦ ጫትስ እትዬ? ጫት ይወጣል?

የፒያሳዋ፦ መውጣት አለበት! ጫት ዕፅ አይደለም እንዴ?

የሸዋበሩ፦ እህቴ፣ እናቴ ወዳጃ ላይ ጫት ይዛ ዱዓ ስታደርግ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሰባት ልጅ አሳድጋለች። እሷንም ዕፅ ተጠቃሚ ልትያት ነው?

የፒያሳዋ፦ እናትህን አልነካሁም፣ አላህ ያቆያቸው። እኔ የምለው ሌሊቱን ጫት መቃሚያው፣ በርጫ ላይ አድራ ጠዋት ልጄን የምትቀበለኝን ነው።

የመናፈሻው፦ ወዳጃና በርጫ አንድ ሆነ? ወዳጃ ጸሎት ነው። ሽማግሌ ይመርቃል፣ ቡናው ይፈላል፣ የታመመ ይጸለይለታል። በርጫ የሥራ ፈት ቦታ ነው።

የሸዋበሩ፦ እኔ ሥራ ፈት ነኝ? በርጫ ላይ ስንት ዕቁብ ተጥሏል፣ ስንት የተጣላ ታርቋል!

የፒያሳዋ፦ አረቄ ጠጪውም እንዲሁ ነው የሚለው።

እትዬ፦ በቃ። ወዳጃን ለአባቶች ተዉላቸው። የሞግዚት ጉዳይ ነው የያዝነው።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ይባላል። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ይዳከማል፣ ጫት ነጋዴ በጥድፊያ የሚያመጣው ለዚህ ነው። የአምፌታሚን ስትሪፕ ግን ጫትን ልያዝ ተብሎ አልተሠራም። አንዱ ያነሣዋል፣ አንዱ ያልፈዋል። እንግሊዝ በ2014 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች፣ አሜሪካም ካቲኖንን ከልክላለች። የእኛ ሕግ ጫትን አልከለከለም። ስለዚህ ጫትን በሽንት አታሳድዱ። «ሥራ ሰዓት ላይ አይቃምም» ብላችሁ ጻፉና አስፈርሙ። ጠዋት ስትገባ ደግሞ ፊቷን እዩ። ያልተኛ ሰው ይታወቃል። ምርቃናው ወርዶበት ሃራራ የያዘው ሰው ሲነጫነጭም ይታወቃል። ሰባት ሕፃን ይዞ መንቃት የማይችል ሰው፣ ምክንያቱ ጫት ይሁን የታመመ ልጅ ሲያስታምም ማደር፣ ያን ቀን ሕፃን መያዝ የለበትም።

ስም አልጠቅስም፦ ሽንት ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል?

እትዬ፦ ብዙው ከ2 እስከ 4 ቀን። ሐሺሽ ዘወትር የሚያጨስ ሰው ላይ ሳምንታት።

የኮምቦልቻዋ፦ እትዬ፣ መድኃኒት የምትወስድ ልጅ ብትሆንስ? ውጤቱን አያበላሽም?

እትዬ፦ ተባረኪ። ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው።

ከዓመታት በፊት አንዲት ልጅ መጣችብኝ። ሞግዚት ናት። ስትሪፑን በሶፍት ጠቅልላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ነበር። አሠሪዋ የሞርፊን ስትሪፕ ላይ አንድ መስመር ብቻ አይታ «ሱሰኛ ነሽ» ብላ አባራታለች። ደግሜ ልየው ብዬ ዕቃ ሰጠኋት። ሽንቱን ይዛ ስትመለስ ገና ከበሩ ገባኝ። ብርቱካናማ ነው፣ እንደ ሚሪንዳ። ወደ ጥግ ወሰድኳትና «የሳንባ መድኃኒት ትወስጃለሽ?» አልኳት። አለቀሰች። ሦስተኛ ወሯ ነበር። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ሽንትን እንዲያ ያቀላል። አንዳንድ የሞርፊን ምርመራዎችንም ያሳስታል። ልጅቷ ሱስ የለባትም። መድኃኒቷን በሥነ ሥርዓት የምትውጥ ልጅ ናት። ቲቢ መሆኗን የደበቀችው ሥራዋን እንዳታጣ ነው፣ በመድኃኒቷ ምክንያት ሥራዋን አጣች።

ሌሎችም አሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክና የእሱ ወገኖች ሞርፊን ሊያስመስሉ ይችላሉ። ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት አምፌታሚን ሊያስመስል ይችላል። ኮዴን ያለበት የሳል ሽሮፕ ደግሞ ራሱ ከሞርፊን ወገን ስለሆነ በእውነትም ይወጣል። ኤፋቪሬንዝ የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት አንዳንድ ምርመራ ላይ ሐሺሽ ሊያስመስል ይችላል። አሁን ብዙው ሰው ወደ ዶሉቴግራቪር ተዛውሯል፣ ኤፋቪሬንዝ ላይ የቀረ ግን አለ። አሁን አስቡት። አሠሪዋ «ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ብላ በሰው ፊት ትጠይቃለች። ልጅቷ ወይ ሱሰኛ ተብላ ትወጣለች፣ ወይ ለማንም ያልነገረችውን ትናገራለች። አዋጁ ኤች አይ ቪን አትመርምሩ ያለውን እኛ በጓሮ በር ልናስገባው ነው።

ስለዚህ የመድኃኒት ጥያቄ የባለሙያ ጥያቄ ነው። ልጅቷ ለላቦራቶሪው ለብቻዋ ትናገር። ለእናንተ የሚደርሳችሁ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ይሁን።

በተቃራኒው ደግሞ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የሞርፊን ስትሪፕ አያነሣውም። የራሱ ስትሪፕ አለው። «ነፃ ናት» የሚል ወረቀት ይዛችሁ ተዘናግታችሁ እንዳትቀመጡ።

የሮቢቷ፦ ስንት ቀን ሽንት ውስጥ ይቆያል እትዬ?

እትዬ፦ መልሻለሁ። ከፍ ብለሽ አንብቢ።

ስም አልጠቅስም፦ ብዙ ውኃ ከሎሚ ጋር ቢጠጣስ?

እትዬ፦ ላቦራቶሪ የሽንቱን ሙቀትና ክሬያቲኒን ያያል። የቀጠነ ሽንት ይታወቃል። ልጄ፣ አንተ ላይ ችግር ካለ በግል ጻፍልኝ። የሥነ አእምሮ ክፍል የሚሠሩ ጥሩ ሰዎች አውቃለሁ። ሕፃን የምትይዝ ከሆነ ዛሬውኑ ጻፍልኝ።

የሐይቋ፦ ዱባይ ለመሄድ የሚደረገው ሜዲካል ላይስ ዕፅ ያያሉ?

እትዬ፦ ያ የኤጀንሲሽ ጥያቄ ነው። እዚህ አንቀላቅል።

የኮምቦልቻው አባት፦ እኔና ባለቤቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምንሠራው። ልጃችንን ከገጠር የመጣች ልጅ ነች የምትይዝልን። ሳታውቅ ሽንቷን ወስጄ ባስመረምርስ?

እትዬ፦ አይሆንም። ሳታውቅ የሚባል ምርመራ የለም። ለመሆኑ ዕድሜዋ ስንት ነው? ምንስ አይተህ ነው?

የኮምቦልቻው አባት፦ 19 ነች። ምንም አላየሁባትም። ልጃችን ግን ሰሞኑን ማታ ስንገባ ተኝቶ ነው የምናገኘው። 10 ወሩ ነው። ሲቀሰቀስም ቶሎ አይነቃም።

እትዬ፦ ቆይ። ከሷ ሽንት ይልቅ ይኸ ያሳስበኛል። ቤት ውስጥ የአለርጂ ወይም የጉንፋን ሽሮፕ አለ?

የኮምቦልቻው አባት፦ አለ። ለታላቁ የታዘዘ፣ ፕሮሜታዚን ይላል።

እትዬ፦ አሁኑኑ ጠርሙሱን እየው። ካስቀመጥክበት ጎድሏል? ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። ልጅቷን ሳትቆጣ ጠይቃት። አንዳንዷ ሲያለቅስ ጨንቋት፣ የታላቁ መድኃኒት ይጠቅመዋል ብላ በየዋህነት ነው የምትሰጠው። ከቆጣሃት ትደብቃለች፣ ከደበቀች ሐኪም ምን እንደወሰደ አያውቅም። አሁን ተኝቶ ከሆነ ቀስቅሰው። ካልነቃ ወይም አተነፋፈሱ ካላማረህ ጠርሙሱን ይዘህ ሆስፒታል ሂድ። ነገን አትጠብቅ። ምንም ቢሆን ነገ ሐኪም ይየው።

የኮምቦልቻው አባት፦ ነቅቷል፣ እየጠባ ነው። ሽሮፑ ግን ከግማሽ በታች ሆኗል። እያናገርኳት ነው።

እትዬ፦ ከጠባ በኋላም አተነፋፈሱን እያየህ እደር። ከደበተው አትጠብቅ፣ ውሰደው። ሌሎቻችሁም መድኃኒት ከፍ አድርጋችሁ ቆልፉበት።

የፒያሳዋ፦ ታዲያ የሽንቱን ምርመራ ይቅር ነው የሚሉት?

እትዬ፦ አላልኩም። ምክንያት ካለ፣ በጽሑፍ ካሳወቃችሁ፣ እሷም ፈቅዳ ከሆነ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ከተሠራ፣ ከተረጋገጠ ጥሩ ነው። ሕፃን ያለ ጠባቂ አይቅር። ስትሪፕ ገዝቶ ሽንት ቤት በር ላይ መቆም ነው የማልፈልገው።

የሆጤዋ፦ እትዬ፣ ሳልናገር ቀርቼ ነው እንጂ ሐሙስ ዕለት አንዷን ሞክሬያት ነበር። ሁለት መስመር ወጣ፣ አንደኛው ደብዘዝ ያለ። አለባት ብዬ ከሥራ አሰናበትኳት።

እትዬ፦ ነፃ ናት።

የሆጤዋ፦ አሁን ነው የገባኝ። ያስቸገረችኝ ነገርም አልነበረም። ልጆቹ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠይቋት ነበር።

እትዬ፦ ደውዪላት። አሁን።

የሆጤዋ፦ ደወልኩ፣ አታነሣም። ቤቷ ቧንቧ ውሃ ሠፈር ነው። ባጃጅ ይዤ እየሄድኩ ነው።