ትንሽ ለውጥ ተጠራቅሞ አዲስ ስፒሺስ (ዝርያ) ይወጣል ማለት ክህደት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ? እዚሁ ባህር ዳር የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ፣ ሰንበት ትምህርት ቤትም አገለግላለሁ። ክላስ ላይ ትንንሽ ለውጦች ሲጠራቀሙ አዲስ ስፒሺስ ይወጣል ተብለን ተማርን። አንድ ወንድማችን ደግሞ ማይክሮ ኢቮሉሽን (በአንድ ወገን ውስጥ ያለ ትንሽ ለውጥ) ብትዪ ችግር የለውም፣ ማክሮ (አዲስ ወገን የሚያወጣ ትልቅ ለውጥ) ካልሽ ግን ፈጣሪን ክደሻል፣ ዘፍጥረት ፍጥረት ሁሉ "እንደ ወገኑ" ተፈጠረ ይላል አለኝ። እኔ ፈተና ላይ የተማርኩትን ጽፌ ወጣሁ፣ ከዛ ወዲህ ግን ህሊናዬ እየወቀሰኝ አልቆረብኩም። ምን ላርግ?

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ የሚቸኩለውን ልመልስልሽ። የተማርሽውን ፈተና ላይ መጻፍ ክህደት አይደለም፣ በዚህ ምክንያት ከቁርባን መራቅሽም ልክ አይደለም፣ ሌላ የሚከለክልሽ ነገር ከሌለ ንስሐ አባትሽን አነጋግሪና ተመለሽ።

አሁን ወደ ነገሩ። ወንድማችን ያለውን ብዙ ቦታ እሰማዋለሁ፣ የወፍ ምንቃር ሊወፍር ሊቀጥን ይችላል ግን ወፍ ወፍ ነው፣ ውሻም ውሻ ነው፣ ትንሽ ለውጥ ተደምሮ ድንበር አይሻገርም ነው ነገሩ። ድንበሩ የት ጋ ነው ብለሽ ስትጠይቂ ግን የሚያሳይሽ የለም። ደሞ አዲስ ስፒሺስ ወጣ ማለት ውሻ ድመት ወለደ ማለት አይደለም እኮ፣ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ድሮ አንድ የነበረ ወገን ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ መዋለድ ሲያቆም ወይ በጣም ሲቀንስ ነው። ይሄ እንዲጀመር የመራቢያ ቦታቸው ወይ ወቅታቸው መለያየቱ ሊበቃ ይችላል።

ምሳሌውም እዚሁ ደጃችን ላይ አለ። ነጭ አሳ የምንለው ገበያ ላይ አንድ ስም ነው (አሳ በጾም ይበላል ወይ የምትሉኝ ሰዎች ዛሬ ተውኝ)፣ ተመራማሪዎች ግን ጣና ላይ 15 ገደማ ስፒሺስ ብለው ለይተውታል። ስምንቱ ሌላ አሳ አድነው የሚበሉ ናቸው፣ የሚገርመው የዚህ ወገን አሳዎች አፋቸው ውስጥ ጥርስ የላቸውም፣ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው፣ እንደዛም ሆነው አዳኝ ሆኑ። ሌሎቹ ደግሞ ቀንድ አውጣ ወይ ነፍሳት ወይ የውሀ ሳር የሚበሉ ናቸው። ከጢስ እሳት ፏፏቴ በታች ያለ አሳ ያንን 40 ሜትር ያህል ገደል ወጥቶ ወደ ሀይቁ አይገባም፣ ስለዚህ ላይ የቀሩት ለብቻቸው ናቸው። በክረምት ወደ ሰባት የሚሆኑት ስፒሺሶች ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎችም ወንዞች ይወጣሉ፣ የቀሩት እዛው ሀይቁ ውስጥ ይራባሉ ተብሎ ይታመናል። መለያየቱ በዚህ በዚህ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ እኔን በጣም ያሳመነኝም ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ተመራማሪ እነዚህን ሁሉ አንድ ስፒሺስ ናቸው ብሎ ጠቅልሏቸው ነበር፣ በ1990ዎቹ ሌሎች መጥተው በአፋቸው ቅርፅ፣ በሚበሉት፣ በሚራቡበት ቦታ አይተው መልሰው ለያዩዋቸው፣ በጀነቲክስ ግን አሁንም በጣም የተቀራረቡ ናቸው። አንዳንድ ሰባኪ ይሄን ሲሰማ አያችሁ ሳይንቲስቶች ራሳቸው አይስማሙም ብሎ ያጨበጭባል፣ እኔ ግን ተገላቢጦሽ ነው የማየው፣ አንድ ወገን ቀስ እያለ እየተለያየ ከሆነ ድንበሩ ቀጭን ሆኖ ለመለየት ማስቸገሩ የሚጠበቅ ነው። ገና ከመጀመሪያው የማይሻገሩት ግንብ መሀላቸው ቢኖር ኖሮ መለየቱ ይህን ያህል ባላስቸገረ ነበር።

ወንድማችንም ግን ከሜዳ ተነስቶ አልተናገረም። ነጭ አሳ ተለያይቶ ሌላ ነጭ አሳ ሆነ ማለትና አሳ የነበረ ነገር በየብስ የሚሄድ እንስሳ ሆነ ማለት እኩል የሚታይ ነገር አይደለም፣ ሁለተኛውን በሰው እድሜ ቁጭ ብሎ ማየት አይቻልም፣ ማስረጃው ቅሪተ አካልና ጂን ነው፣ ከዛ ተነስቶ ወደ ኋላ ማሰላሰል ነው። ያ ደሞ ደካማ ማስረጃ ነው ማለቴ አይደለም፣ ዓይነቱ ይለያል ነው የምልሽ። እ.ኤ.አ. በ1972 ኤልድሬጅና ጉልድ የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ለውጡ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ዝግታ አይሄድም፣ ስፒሺስ ረጅም ዘመን ባለበት ይቆይና አዲሱ ሲወጣ ቶሎ ይወጣል ብለው ጻፉ። ክርክሩ ስለ ፍጥነቱ ነው፣ አዲስ ስፒሺስ አይወጣም አላሉም። የነሱን ስም እየጠሩ "ኢቮሉሽን ውድቅ ሆነ" የሚሉ ሰዎችን ስሰማ ያናድደኛል፣ ኢዮብ ምዕራፍ 13 ላይ ጓደኞቹን ለእግዚአብሔር ብላችሁ ትዋሻላችሁ ወይ ያላቸው እንዲህ ያለውን ነው።

"እንደ ወገኑ" የሚለውስ? አባቶቻችን ሥነ ፍጥረትን 22 ብለው ነው የሚቆጥሩት፣ በእሑድ 8፣ በሐሙስ 3 እያሉ፣ አሳ የሐሙስ ነው። በዚህ ቆጠራ የውሀ ፍጥረት ሁሉ ሶስት ወገን ብቻ ነው እንግዲህ፣ የጣና ነጭ አሳ ስንት ዓይነት ነው የሚል ጥያቄ ውስጥ አልገቡም። ደግሞ ሁሉም እምኀበ አልቦ (ካለመኖር) አልተፈጠረም፣ ግብር እምግብር (ቀድሞ ከተፈጠረ ነገር የተገኘ) የሚባለው አለ፣ የሐሙሱ ፍጥረት ውሀ ታስገኝ ተብሎ ከውሀ ነው የተገኘው። እግዚአብሔር በፈጠረው ነገር በኩል ሌላ ፍጥረት ማስገኘቱ ለኛ ትምህርት እንግዳ አይደለም ማለት ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ሲሰብክ ለምድር የተሰጠው ያ ትእዛዝ ውስጧ ቀርቶ ለዘመናት ሁሉ እንድታፈራ ያደርጋታል ብሎ አስተምሯል። ግማሹን ብቻ ነግሬሽ እንዳላታልልሽ፣ እሱው ራሱ ሌላ ስብከቱ ላይ ፈረስን ፈረስ ይተካዋል አንበሳን አንበሳ ይላል። ስለዚህ ባስልዮስ ኢቮሉሽንን አስተምሯል የሚልሽ ካለ አትቀበዪ፣ ስለ ስፒሺስ መለያየት በሱ ዘመን ማንም ጠይቆት አያውቅም። በጸሎተ ሃይማኖት የምንመሰክረው የሚታየውንና የማይታየውን የፈጠረ አንድ አምላክ ነው፣ ፍጥረት ከዛ በኋላ ፈጽሞ አይለያይም የሚል ቃል እዛ ላይ የለም።

አዳምን በተመለከተ ግን ቤተክርስቲያን የምታስተምረውን ነው የማስተምርሽ፣ ከአራቱ ባሕርያት ሥጋ፣ ከእግዚአብሔር እስትንፋስ ነፍስ፣ በአርአያው የተፈጠረ። ነፍስን ላብራቶሪ አይመዝናትም፣ የነጭ አሳ መለያየትም ስለሷ የሚያረጋግጠው የሚያፈርሰውም ነገር የለም።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ግን መምጣቱ የማይቀር ጥያቄ አለ። ሳይንቲስቶች ከሀይቁ ስር ያለውን ደለል ቆፍረው ጣና ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር ይላሉ፣ ይሄ ቁጥር ከኛ ዓመተ ዓለም (ከፍጥረት ጀምሮ ከምንቆጥረው ዘመን) ጋር አይገጥምም፣ አውቃለሁ፣ አልደብቅሽም። እሱን ለብቻው ጻፊልኝ፣ አሁን እዚህ ብቀላቅለው ሁለቱንም አበላሻለሁ። እስከዛ ለወንድማችን ደውዪለትና ይሄን አንብቢለት፣ መልስ ካለው እሱም ይጻፍልኝ።