የልጃችሁን ክሬዲት ሳትቆጥሩ የሰመር ትኬት አትቁረጡ

አገር ቤት ተምረን ለመጣን ወላጆች የአሜሪካን ሃይስኩል እንዳንረዳ የሚያደርገን የራሳችን ልምድ ነው። እኛ ያደግነው ክፍል በሚቆጠርበት ሥርዓት ነው። ዘጠነኛን ያለፈ አሥረኛ ይገባል፤ የወደቀ ዓመቱን ሙሉ ይደግማል። እዚህ የሚቆጠረው ግን ክሬዲት ነው፤ ልጁ እያንዳንዱን ኮርስ ሲያልፍ የሚያገኘው ነጥብ ማለት ነው። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተቀምጦ፣ የምረቃ ጋውኑን አዝዞ፣ አንድ ክሬዲት ስለጎደለው ብቻ ዲፕሎማ ሊከለከል ይችላል። ብዙ ወላጅ ይህን የሚሰማው በመጨረሻው ዓመት ኤፕሪል ላይ፣ እንግዳ ከተጠራ በኋላ ነው።

ስለ ሰመር ስኩል መጻፍ የፈለግሁት ለዚህ ነው። በኛ ማኅበረሰብ ልጅ ሰመር ስኩል ገባ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ሆኖ ወደቀ?» ነው። ወላጅ ያፍራል፣ ልጅም ይደብቃል። እኔ የራሴን ልጆች እዚህ አስተምሬ ጨርሻለሁ። ከዚያም በኋላ ከብዙ ቤተሰብ ጋር ካውንስለር (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) ቢሮ አብሬ ተቀምጫለሁ። ሰመር ስኩል ገብቶ የተጎዳ ልጅ ብዙም አላየሁም። መግባት ሲገባው ቤት ውሎ የከረመው ልጅ ግን ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንያዝ። በአብዛኛው ስቴት ዓመቱን ሙሉ የሚሰጥ ኮርስ 1 ክሬዲት ነው፤ የአንድ ሴሚስተር ደግሞ 0.5። ለመመረቅ ዋሺንግተን ዲሲ 24 ይጠይቃል። ቨርጂኒያ ለስታንዳርድ ዲፕሎማ 22፣ ለአድቫንስድ 26 ትላለች። ሜሪላንድ በስቴት ደረጃ ቢያንስ 21፣ ዋሺንግተን ስቴት 24፣ ቴክሳስ 22 ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ ኢንዶርስመንት የሚባለውን፣ በአንድ የትምህርት መስክ ላይ የሚያተኩረውን ምርጫ የያዘ ልጅ 26 ያስፈልገዋል። ካሊፎርኒያ አቆጣጠሩ ሌላ ስለሆነ አትደናገጡ፤ ብዙ ዲስትሪክቶች ለሴሚስተር 5 ስለሚሰጡ ሎስ አንጀለስ ለምረቃ የሚጠየቀው 210 ነው። ዲስትሪክቶችም ከስቴቱ በላይ የሚጨምሩት አላቸው። ደግሞ ድምሩ ብቻ አይበቃም። በየትምህርት ዓይነቱ የተመደበ አለ። ከሚፈለገው በላይ ክሬዲት ሰብስቦ ከአራቱ የኢንግሊሽ ዓመታት አንዱ የጎደለው ልጅ አይመረቅም።

ስለዚህ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ወይም ማርች ላይ ለካውንስለሩ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ «ልጄ ለመመረቅ በየትኛው ትምህርት ስንት ክሬዲት ይቀረዋል?» መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። የሰመር ምዝገባ በብዙ ቦታ በጸደይ ተከፍቶ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ያልቃል። ጁን መጨረሻ ላይ ስትደውሉ ካውንስለሩ ዕረፍት ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰመር ላይ ክሬዲት የሚገኝበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ብዙ ሰው ጎድቷል።

አንደኛው የወደቁበትን መልሶ ማግኘት ነው፤ ክሬዲት ሪከቨሪ ይባላል። ልጁ ኮርሱን አንድ ጊዜ ተምሮታል፣ ኤፍ (የመውደቂያ ውጤት) አግኝቷል። ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ያላወቀውን ክፍል ብቻ እየሠራ ይጨርሳል። ፈጣን ነው፣ በብዙ ዲስትሪክት ለነዋሪው ነፃ ነው። ግን ውጤቱ ትራንስክሪፕት በሚባለው የውጤት መዝገብ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ቦታው ይለያያል። አንዳንዱ ጋ «አልፏል» ብቻ ተብሎ ይጻፍና ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ) ንቅንቅ አይልም። አንዳንዱ ጋ አዲሱ ውጤት የድሮውን ይተካል። ሌላው ጋ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከማስመዝገባችሁ በፊት «ኤፉ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ሳይጠይቅ ልጁን ሰመሩን ሙሉ ያስቀመጠ ወላጅ ሴፕቴምበር ላይ ጂፒኤው እንዳለ ሲያገኘው ቅር ይለዋል።

ሁለተኛው ገና ያልተማሩትን ኮርስ ለመጀመሪያ ጊዜ መውሰድ ነው። አላማው ለመጪው ዓመት ቦታ መክፈት ነው። ይህኛው ሙሉ ኮርስ ነው፤ ሰዓቱም ሙሉ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ የዓመት ኮርስ የሚለካበት የቆየ መስፈርት 120 ሰዓት ነው፤ የካርኔጊ ፋውንዴሽን በ1906 ያወጣው ነው። ቨርጂኒያ 140 ሰዓት ትጠይቃለች። ያን ያህል ሰዓት በአምስት ወይም በስድስት ሳምንት ውስጥ ሲጨመቅ የአንድ ቀን ትምህርት የመደበኛውን የአንድ ሳምንት ያህል ይሆናል። ሁለት ቀን የቀረ ልጅ ሁለት ሳምንት ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ነው የሰመር ስኩል የመቅረት ደንብ ጥብቅ የሆነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከቀረ በኋላ ከኮርሱ የሚያስወጡ ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ አቋሜን ልንገራችሁ። ብዙ ወላጆች ልጃቸው ጂኦሜትሪን ወይም ኬሚስትሪን በሰመር ጨርሶ ወደ ላይ እንዲዘል ይፈልጋሉ። እኔ አልመክርም። በስድስት ሳምንት የተሮጠበት ሒሳብ በሚቀጥለው ዓመት አልጀብራ ሁለት ላይ ይፈተናል። ልጁ በእውነት ጠንካራ ከሆነና ራሱ ከፈለገ ሌላ ነገር ነው። ለአብዛኛው ልጅ ሰመር የሚስማማው እንደ ሄልዝ፣ ፒኢ፣ ገቨርንመንት ያለው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ኢኮኖሚክስ ኤንድ ፐርሰናል ፋይናንስ ለምረቃ ግዴታ ስለሆነ ብዙ ልጆች በሰመር ኦንላይን ይገላገሉታል። በዚህ የተከፈተው ቦታ ላይ ልጁ ዓመቱን ሙሉ ከበድ ያለውን ሳይንስ ተረጋግቶ ይማራል።

ስለ ትኬቱ ላውራ። እኛ አገር ቤት የምንሄደው ጁላይና ኦገስት ላይ ነው። አያት ትጠብቃለች፣ ሠርግ አለ፣ ትኬቱም በጊዜ ሲቆረጥ ይረክሳል። የሰመር ስኩል ቀኖች ደግሞ ልክ እዚያው ላይ ያርፋሉ። «የመጨረሻዋን ሳምንት አስተማሪውን አናግረን እንሄዳለን» የሚለው አይሠራም፤ የመጨረሻዋ ሳምንት የወር ተኩል ትምህርት ያህል ናት፣ ፈተናውም እሷ ላይ ነው። በብዙ ቦታ ሁለት ዙር አለ፤ የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ መሄድ ይቻላል። «ኦንላይን ስለሆነ አዲስ አበባ ሆኖ ይማራል» የምትሉም አላችሁ። ከአገር ውጭ መግባት ይፈቀድ እንደሆነና የመጨረሻው ፈተና በአካል ይሁን አይሁን በቅድሚያ አጣሩ። ከምሥራቅ አሜሪካ ጋር የሰመሩ የሰዓት ልዩነት ሰባት ሰዓት ነው። እዚህ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ የቀጥታ ክፍለ ጊዜ እዚያ ማታ ይሆናል። ኢንተርኔቱ ባይቋረጥ እንኳ ዘመድ በተሰበሰበበት ቤት አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ላፕቶፕ ይዞ ይቀመጣል ብላችሁ አትጠብቁ።

ከሁሉም በላይ የማስበው በቅርብ ለመጡት ነው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ የመጣ የአሥራ ስድስት፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ትራንስክሪፕት ከሌለው ዘጠነኛ ክፍል ይመደባል። ክሬዲቱ ዜሮ ነው። ነፃ የሕዝብ ትምህርት ደግሞ በብዙ ስቴቶች እስከ 20 ወይም 21 ዓመት ነው እንጂ ክፍት አይደለም። ስለዚህ ገና ከአገር ቤት ሳትነሱ ልጁ የተማረበትን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤት በትምህርት ቤቱ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ቀድማችሁ ከመጣችሁም ዘመድ ልካችሁ አስወጡ። ዲስትሪክቱ ውጤቱን ገምግሞ ለሒሳብ፣ ለባዮሎጂ፣ ለታሪክ ክሬዲት ሊሰጥ ይችላል፤ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም በራሱ ተነሳስቶ አይሰጣችሁም። ለእንዲህ ያለ ልጅ ሰመር ስኩል ዕድሜውን መግዣ ነው። ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የተለየ የሰመር ኮርስ ያላቸው ዲስትሪክቶችም ብዙ ናቸው። ግን አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ያ ኮርስ የሚሰጠው ክሬዲት በኢንግሊሽ ይቆጠራል ወይስ በኢሌክቲቭ (በምርጫ ትምህርት)? ኢሌክቲቭ ብቻ እየሞላለት ዓመታት ያለፉበት ልጅ አለ።

ደግሞ አማርኛችን ራሱ ክሬዲት ያስገኛል። ሲያትልና አካባቢው ባሉ ዲስትሪክቶች፣ ቨርጂኒያ ውስጥም ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ልጁ አማርኛ ማንበብና መጻፍ መቻሉን ተፈትኖ የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ማግኘት ይችላል። ሌሎች ዲስትሪክቶችም ተመሳሳይ ፈተና ስላላቸው የናንተን ጠይቁ። አዲስ የመጣ ልጅ ስፓኒሽ አንድ ብሎ ከዜሮ እንዲጀምር አታድርጉ። እዚህ ተወልዶ አማርኛ እየሰማ ግን ፊደል የማያነብ ልጅ ካላችሁ ደግሞ፣ አንድ ሰመር ፊደል አስቆጥራችሁት ለመጪው ፈተና ብታዘጋጁት ሁለት ነገር ታተርፋላችሁ።

ወደ ኮሌጅ የሚያስቡት ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ካሊፎርኒያ ያላችሁ፣ ሃይስኩሉ «ዲ» ውጤትን እንደ ማለፊያ ቢቀበለውም ዩሲና ካል ስቴት የሚባሉት የስቴቱ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቋቸው 15 ኮርሶች ላይ ሲ እና ከዚያ በላይ ነው የሚፈለገው። ዲ ያገኘ ልጅ «አልፌያለሁ» ብሎ ቤት እንዳይቀመጥ፤ ሰመር ላይ ይድገመው። ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ 16 ዋና ኮርሶች ይጠይቃል፤ ለዲቪዥን አንድ (ለከፍተኛው የውድድር ደረጃ) ከነሱ 10ሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው። ከአስተማሪ ጋር ግንኙነት የሌለበት፣ ልጁ ብቻውን ኮምፒውተር እየነካካ በጥቂት ቀን የጨረሰውን የሪከቨሪ ኮርስ ኤንሲኤኤ ላይቀበለው ይችላል። ኮርሱ በተፈቀደው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ በሰመር አንድ ኮርስ መውሰድም ይቻላል፤ ለበሰለ ልጅ ጥሩ ነው። ነገር ግን እዚያ የመጣው ውጤት የኮሌጅ ትራንስክሪፕት ላይ ለዘለቄታው ይቀመጣል። ሃይስኩሉም እንደሚቀበለው በጽሑፍ ሳያረጋግጥላችሁ አትጀምሩ። የግል ኦንላይን ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ከፍላችሁ ጨርሳችሁ «አናውቀውም» ቢሏችሁ ገንዘቡም ሰመሩም ሄደ ማለት ነው።

ጁን ሲቃረብ ደግሞ «ልጅዎ ተመርጧል» የሚል ያማረ ፖስታ ይመጣላችኋል። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሁለት ሳምንት ፕሮግራም፣ ዋጋው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። ልጁ ሊደሰትበት ይችላል። ግን አብዛኛው የሃይስኩል ክሬዲት አይሰጥም፣ ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ መግቢያም አይሆንም። ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ ለዚህ ብሎ ብድር ሲገባ ማየት አልፈልግም።

ክፍያን በተመለከተ፣ አዲስ ክሬዲት የሚሰጡት ኮርሶች በአንዳንድ ዲስትሪክት ያስከፍላሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊሆን ይችላል። ልጃችሁ የነፃ ወይም የቅናሽ ምሳ ተጠቃሚ ከሆነ ቅናሽ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አለ።

በእንግሊዝኛ መናገር ስለከበዳችሁ ዝም አትበሉ። ከ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ የተነሳ ትምህርት ቤቱ በሚገባችሁ ቋንቋ ሊያስረዳችሁ ግዴታ አለበት፤ አስተርጓሚውም ነፃ ነው። «አማርኛ ኢንተርፕሪተር እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ሦስት ኤፍ ያለው ልጅ የካውንስለሩን ንግግር ለእናቱ እንዴት እንደሚተረጉመው መገመት አያቅትም። ልጃችሁ አይኢፒ (ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ተማሪ የሚወጣ የትምህርት ዕቅድ) ያለው ከሆነ ደግሞ በሰመር የሚሰጠው ኢኤስዋይ የሚባለው አገልግሎት ክሬዲት ለማግኘት የተዘጋጀ አይደለም። ክሬዲት ከጎደለው ለብቻው አንሡት።

ሜሪላንድ 75 ሰዓት፣ ዲሲ ደግሞ 100 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ለምረቃ ይጠይቃሉ። እሱም ክሬዲት ባይሆንም ሰመር ላይ ይሞላል፤ ቅጹን ግን ከመጀመራችሁ በፊት አስፈርሙ።

ሴፕቴምበር ላይ ትምህርት ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ትራንስክሪፕቱን አስወጡ። የሰመሩ ክሬዲት መግባቱን፣ በትክክለኛው የትምህርት ዓይነት መመዝገቡን፣ ልጁ ያንኑ ኮርስ በስህተት በድጋሚ አለመመደቡን እዩ። የፕሮግራም ለውጥ የሚፈቀደው በነዚያ ቀናት ነው።